ማሽኑ የማን ሰፈር ነው ያለው?
የጤና ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ስለ አንድ ዕቃ ናቸው፤ ልብ ድንገት ሲቆም የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጥቶ ምቱን ለመመለስ ስለሚያገለግለው ዲፊብሪሌተር። አብዛኞቹ ጥያቄዎች ከእንግሊዝ አገር የመጡ ስለሆኑ መልሳችንም በዚያው አገር አሠራር ላይ ያተኩራል። ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ምሥራቅ ለንደን፣ በካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ሕንፃ 11ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች ቤተሰብ ነው። ማሽኑን ግን በአካባቢያችን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ክረምት ላይ ልጆቹን ይዤ ወደ ገጠር መንደር ስወጣ በአሮጌው ቀይ የስልክ ዳስ ውስጥ አንድ፣ በመንደሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሌላ አየሁ። ቤቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ አጋጣሚ ነው ወይስ እኛን የሚያስታውስ ጠፍቶ ነው?
*የሁለት ልጆች እናት፣ ምሥራቅ ለንደን*

መልስ፦ አጋጣሚ አይደለም፣ እህታችን። ያዩት ነገር በጥናት ተለክቷል። በብሪታንያ ከእያንዳንዱ ፖስት ኮድ (የሰፈር የፖስታ መለያ) መሐል እስከ ቅርቡ ማሽን ያለው የመንገድ ርቀት ሲሰላ፣ መካከለኛው ርቀት 726 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ሌሊትና ቀን ክፍት የሆኑትን ብቻ ስንቆጥር ወደ 991 ሜትር ይርቃል። እስከዚህ ሌሊትና ቀን ክፍት የሆነ ማሽን ባለው ርቀት፣ በጣም ድሃ በሆኑት ሰፈሮችና በጣም ሀብታም በሆኑት መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በእንግሊዝ በአማካይ 99 ሜትር፣ በስኮትላንድ 317 ሜትር ነው። የሚርቀው ከድሃው ነው። በዌልስ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም።

99 ሜትር ለሰሚው ትንሽ ነው። ማሽኑን የሚያመጣው ሰው ግን ሄዶ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ 198 ሜትር ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ ከ1 ደቂቃ በላይ ነው፣ የስኮትላንዱ ልዩነት ደግሞ ወደ 4 ደቂቃ ይጠጋል። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ ካልተጫነና ንዝረት ካላገኘ በየደቂቃው የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። 991 ሜትር ሄዶ ለመመለስ ሯጩ 12 ደቂቃ፣ በፍጥነት የሚራመደው 20 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሜትር ያልነው በደቂቃ ሲመነዘር ይህን ያህል ነው።

ይህን የሚያከፋው ልብ የሚቆመው ማሽኑ ባለበት ሰፈር አለመሆኑ ነው። በስኮትላንድ በጣም ድሃ በሆኑት አካባቢዎች ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው የሚቆም ሰዎች ቁጥር በጣም ሀብታም ከሆኑት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው። ችግሩ በብዛት የሚደርስበት ቦታ ላይ ሌሊትና ቀን ክፍት የሆነው ማሽን ይርቃል።

ለምን እንዲህ ሆነ? በእንግሊዝ አገር ማሽኑን በየመንገዱ የመትከል ኃላፊነት በሕግ የተሰጠው አካል የለም። የሚተከለው ገንዘብ ያዋጣ፣ ግድግዳ ያለው፣ ወረቀት መሙላት የለመደ ሰው ባለበት ነው። ያዩትን የስልክ ዳስ እንውሰድ። ቢቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከ2008 ጀምሮ አገልግሎት ያቆሙ ዳሶችን በ1 ፓውንድ ለአካባቢ ማኅበረሰብ ያስረክባል። ዳሱን የሚረከበው ብዙውን ጊዜ የመንደሩ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ከነዋሪው ግብር ላይ የራሱ ድርሻ፣ ጸሐፊና የባንክ ሒሳብ አለው። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ የመንደር ምክር ቤት የለም ማለት ይቻላል። በካውንስል ሕንፃ ደግሞ ግድግዳው የነዋሪው አይደለም፤ አንድ ሚስማር ለመምታት እንኳ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሰፈሩ ያሉት ጥቂት ማሽኖችም በጂም፣ በቢሮና በሱቅ ውስጥ ስለሆኑ ማታ ይቆለፍባቸዋል። በ2013 የታተመ የኮፐንሃገን ጥናት እንዳሳየው፣ በማታ፣ በሌሊትና በቅዳሜና እሑድ በሮች በመዘጋታቸው ብቻ በእነዚያ ሰዓቶች ማሽኖቹ ሊደርሱላቸው ከሚችሉት የልብ መቆም አደጋዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከሽፋን ውጭ ቀርተዋል።

ስለ 11ኛው ፎቅም አንድ ነገር እንጨምር። በቶሮንቶ ተሠርቶ በ2016 የታተመ ጥናት ፎቅ በፎቅ ቆጥሯል። ልባቸው የቆመው ከ3ኛ ፎቅ በታች ከነበሩት 4.2 በመቶ፣ 3ኛ ፎቅና ከዚያ በላይ ከነበሩት 2.6 በመቶ ተርፈዋል። ከ16ኛ ፎቅ በላይ የተረፉት 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ከ25ኛ በላይ የተረፈ አልነበረም። የአምቡላንስ ሠራተኞች ሕንፃው በር ላይ ቢደርሱም የሚከፍትላቸው መፈለግና ሊፍት መጠበቅ አለባቸው። ስለዚህ በረጃጅም ሕንፃ የማሽኑ ቦታ ምድር ቤት፣ ሊፍቱ አጠገብ ነው። ሲንጋፖር ይህን አድርጋዋለች። ከ2015 ጀምሮ በመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ምድር ቤት፣ ሊፍቱ ጋ፣ ለሁለት ሕንፃ አንድ ማሽን ለመትከል ወሰነች። ነዋሪው እስኪያዋጣ አልተጠበቀም። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ማሽን እንደ እሳት ማጥፊያ የሕንፃው አካል ሊሆን ይገባዋል።

እስከዚያው ለሕንፃው ባለቤት፣ ማለትም ለካውንስሉ ወይም ለሀውሲንግ አሶሲዬሽኑ (ቤት አከራይ ማኅበሩ)፣ በነዋሪዎች ማኅበር ስም በጽሑፍ ያመልክቱ። በማመልከቻው ላይ የቤቶቹን ብዛት፣ የፎቁን ቁጥር፣ እስከ ቅርቡ ክፍት ማሽን በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያስፍሩ። ሰዓት ይዘው ሄደው ይመለሱና የለኩትን ይጻፉ፤ የተለካ ደቂቃ ያለበት ደብዳቤ «ማሽን ያስፈልገናል» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ ለመልስ ይቀርባል። ቦታውንም ራስዎ ይጥቀሱ፤ ዋናው መግቢያ አጠገብ፣ በውጭ ግድግዳ ላይ። «በጽሕፈት ቤታችን ውስጥ እናስቀምጠው» ካሉዎት ጽሕፈት ቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የእድራችን አባላት 60 ቤተሰብ ነን። አንድ ማሽን ገዝተን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ለማስቀመጥ ተስማምተናል። በኢንተርኔት በ250 ፓውንድ ያገለገለ አግኝተናል። ይሻላል? ሌላስ ምን ወጪ አለበት?
*የእድር ገንዘብ ያዥ፣ በርሚንግሃም*

መልስ፦ ያገለገለውን ይተዉት፣ ወንድማችን። እንዲህ በርካሽ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ፓዳቸው (ደረት ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚያስተላልፈው) ጊዜው ያለፈ፣ ባትሪያቸው ያለቀ ወይም አምራቹ መለዋወጫ መሥራት ያቆመላቸው ናቸው። ፓድና ባትሪ ሲገዙለት የአዲሱን ዋጋ ይጠጋል፤ መለዋወጫ ካልተገኘለት ደግሞ ገንዘቡ ባከነ።

አዲስ ማሽን እንደ ዓይነቱ ከ800 እስከ 1,500 ፓውንድ ገደማ ነው። ውጭ ከተሰቀለ ማሞቂያ ያለው ሣጥን ያስፈልገዋል፤ እሱም ከ300 እስከ 600 ፓውንድ ይፈጃል። ማሞቂያው ቅንጦት አይደለም። አብዛኞቹ ማሽኖች ከ0 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ አልተሠሩም። በብርድ የፓዱ ማጣበቂያ ጄል ይበላሻል፣ ባትሪውም ይዳከማል። ሣጥኑን ከመብራት ጋር የሚያገናኘው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሁን። ማሽኑ ራሱ አይፒ55 የሚል ደረጃ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ አቧራና የውኃ ርጭት ይችላል ማለት ነው።

ብዙ ማኅበር የሚረሳው ቀጣዩን ወጪ ነው። ፓድ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፣ ከ40 እስከ 100 ፓውንድ ያወጣል። ባትሪ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፣ ከ100 እስከ 300 ፓውንድ ነው። በ60 ቤተሰብ ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ለመግዣና ለመትከያ በቤተሰብ 30 ፓውንድ ብታወጡ 1,800 ፓውንድ ይሆናል፤ ከዚያ በየዓመቱ በቤተሰብ 2 ፓውንድ ለብቻው ብታስቀምጡ 120 ፓውንድ ይጠራቀማል፣ ለፓድና ለባትሪ ይበቃል። ይህችን ሁለት ፓውንድ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አስፍሯት። አለዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ ሣጥኑ ተሰቅሎ ይቀራል እንጂ ማሽኑ አይሠራም። ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ቫት ሻጩን ጠይቁ። በበጎ አድራጎት ገንዘብ ተገዝቶ መሥፈርቱን ለሚያሟላ ድርጅት የሚበረከት ማሽን ከ20 በመቶው ቫት ነፃ የሚሆንበት አሠራር አለ።

«ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ» ያሉትን ግን እንደገና አስቡበት። ሕንፃው በሳምንት ስንት ሰዓት ክፍት ነው? እሑድ ጠዋትና አንዳንድ የበዓል ሌሊት ብቻ ከሆነ ማሽኑ የቀረውን ሳምንት ተቆልፎ ያድራል። በመንገዱ በኩል ባለው የውጭ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ግን እናንተን በቅዳሴ ሰዓት፣ ጎረቤቱን ሁሉ ደግሞ በቀሪው ጊዜ ያገለግላል። ሕንፃው የኪራይ ከሆነ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ።

በመጨረሻም ተሰቅሎ እንዳበቃ ዘ ሰርኪት በተባለው አገር አቀፍ መዝገብ ላይ አስመዝግቡት። የአደጋ ጊዜ ስልኩን 999ን የሚቀበለው ሠራተኛ ሰው ወደ ማሽኑ የሚልከው ከዚያ መዝገብ አይቶ ነው፤ ያልተመዘገበ ማሽን ለእሱ የለም። መዝገቡ «ጠባቂ» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ጠባቂው ማሽኑን እያየ፣ ደህና ነው ብሎ በየጊዜው ያረጋግጣል፤ ማረጋገጫው ሲቋረጥ ማሽኑ ዝግጁ ከሚባሉት ተራ ይወጣል። እንደኛ ባለ ማኅበር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተመዘገበው የአንድ ሰው የግል ኢሜይል ይሆናል፣ ሰውየው ከተማ ይቀይራል፣ ማስታወሻው ማንም ወደማይከፍተው ሣጥን ይሄዳል። የእድሩን ኢሜይል ተጠቀሙ፣ ሁለተኛ ጠባቂም አስመዝግቡ። በሳምንት አንድ ቀን የዝግጁነት ምልክቱን፣ በወር አንድ ቀን የፓዱን ቀን ማየት ይበቃል። ከማሽኑ ጋር መቀስ፣ ምላጭ፣ ትንሽ ፎጣና ጓንት ይኑር።

ጥያቄ፦ መንግሥት በነፃ አይሰጥም?
*አንባቢ፣ ሊድስ*

መልስ፦ ሰጥቶ ያውቃል፤ ግን አሰጣጡን ተመልከቱ። በ2022 መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት ለማኅበረሰብ ማሽኖች 1 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ ማመልከቻው በ2023 ተከፈተ። ችግር ላለባቸው አካባቢዎች ቅድሚያ እንደሚሰጥ ቢገለጽም አመልካቾች የወጪውን ከፊል ወይም ሙሉ እንዲያዋጡ ተጠይቀዋል። ገንዘብ የሌለው ሰፈር ግማሹን ከየት ያመጣል? ከዚህ የተሻለው ለትምህርት ቤቶች የተደረገው ነው፤ እስከ 2023 ድረስ ከ20,000 በላይ ማሽኖች በመንግሥት ገንዘብ ለሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ታድለዋል። የሀብታም ሰፈርም የድሃ ሰፈርም ትምህርት ቤት ደርሶታል። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ያለውን ትምህርት ቤት ማሽኑን ከአጥሩ ውጭ እንዲሰቅለው ጠይቁ። ግቢ ውስጥ ካለ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለሰፈሩ አይደርስም። የሚያስፈልገው ውጫዊ ሣጥንና ኤሌክትሪሺያን ብቻ ስለሆነ ወጪው ከአዲስ ማሽን በጣም ያንሳል።

ጥያቄ፦ ባለፈው የንግሥ በዓል አንዲት እናት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደቁ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫቸው ላይ ያዘ፣ ሌላው ጸበል ረጨ፣ ነጠላቸውን የገለጠ ግን አልነበረም። ደግነቱ ራሳቸውን ስተው ነበርና ነቁ። ልባቸው ቆሞ ቢሆንስ ምን ማድረግ ነበረብን? እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው።
*ወጣት የሰንበት ትምህርት ቤት አባል፣ ለንደን*

መልስ፦ መጀመሪያ ትከሻቸውን ይዘሽ እየጠራሽ ነቅንቂያቸው። ካልመለሱ ራሳቸውን ወደ ኋላ አዘንብለሽ አገጫቸውን ከፍ አድርጊና እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሻቸውን ተመልከቺ። ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ልብ ሲቆም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰው አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት፣ ከውኃ እንደ ወጣ ዓሣ አፍ እንደ መክፈት ያደርገዋል፤ ያ ማጣጣር እንጂ መተንፈስ አይደለም። ለጥቂት ሰከንድ መንቀጥቀጥም ይኖራል። ያኔ ነው «የሚጥል በሽታ ነው» ተብሎ ክብሪት የሚጫረው። የክብሪት ጭስ ለሚጥል በሽታም አይረዳም፣ ልቡ ለቆመ ሰው ደግሞ ውድ ደቂቃ ይወስዳል። የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ሰው ልቡ እንደቆመ ቁጠሪው።

999 ደውይ፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጊና መሬት ላይ አስቀምጪ። «አንኮንሸስ፣ ኖት ብሪዚንግ» (ራሱን ስቷል፣ አይተነፍስም) በይ፤ ቀጥሎ ፖስት ኮዱን። እነዚህን ሁለት ሐረጎችና የቤተ ክርስቲያኑን ፖስት ኮድ ትልቅ አድርጋችሁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። አስተርጓሚ ማገናኘት ይቻላል፣ «አማሪክ» ብትዪ ይገባቸዋል፤ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ እስኪገናኝ ደረቱን መጫን አትጠብቂ። ከ2020 መስከረም ወዲህ በእንግሊዝ መለስተኛና ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች ይህን በትምህርት ቤት እንዲማሩ ተደንግጓል። አጠገብሽ ካሉት ታዳጊዎች አንዱ ያውቀው ይሆናል፤ ጥሪው።

የአንዱን እጅ መዳፍ በደረቱ መሐል፣ ሌላውን በላዩ አድርገሽ ክንድሽን ሳታጥፊ ወደ ታች ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኚ። በየ2 ደቂቃው ሰው ይተካሽ፤ ሲደክም ሳይታወቅ ግፊቱ ይሳሳል። ማሽኑን የሚያመጣው ሌላ ሰው ይሁን፤ ብቻሽን ከሆንሽ ታማሚውን ትተሽ አትሂጂ።

ማሽኑ ሲደርስ ክፈቺው፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይናገራል። ደረት መገለጥ አለበት፤ ቀሚሱ ካስቸገረ በመቀስ ቅደጂው። ሴት በመሆናቸው ማፈር ያለ ነገር ነው፤ ግን በዚህ እፍረት ምክንያት ሴቶች ከወንዶች ያነሰ እርዳታ ያገኛሉ። አራት ሰዎች ነጠላ ዘርግተው ይከልሉ፣ ሥራው ከውስጥ ይቀጥል። ጸበል ተረጭቶ ከሆነ ደረቱን በፎጣ ወይም በነጠላ ጫፍ በደንብ አድርቂ። እርጥብ ቆዳ ላይ ፓዱ አይጣበቅም፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ልብ በመሄድ ፈንታ በቆዳው ላይ ይፈሳል። ማተቡን መበጠስ አያስፈልግም፤ ብረት መስቀሉን ከፓዱ ቦታ ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ይበቃል። አንዱ ፓድ በቀኝ ከአንገት አጥንት በታች፣ ሁለተኛው በግራ ከብብት በታች ጎን ላይ ይለጠፋል። በሁለተኛው ላይ ስሕተቱ የተለመደ ነው፤ ሰው ጡት ላይ ይለጥፈዋል፣ መሆን ያለበት ግን ከዚያ ወደ ጎን ነው። ቆዳው ሥር የልብ ምት ማስተካከያ ካለ ፓዱ ከእሱ 8 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

ማሽኑ ሲመረምር ማንም አይንካቸው፤ እጅ ይዞ የሚጸልየውም ጭምር። «ንዝረት ያስፈልጋል» ካለ ብልጭ የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ፣ ወዲያው ደረት መጫን ቀጥዪ። «አያስፈልግም» ካለ ድኗል ማለት አይደለም፣ ሞቷልም ማለት አይደለም፤ ማሽኑ የሚረዳው ልብ ሥርዓት አጥቶ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ስለዚህ ደረት መጫን ቀጥዪ። ንዝረት የማያስፈልገውን ሰው ማሽኑ አይመታም፣ በስሕተት ትጎጂያለሽ ብለሽ አትፍሪ። መለማመድ ከፈለጋችሁ የብሪታንያ የልብ ፋውንዴሽን በስልክና በትራስ ብቻ በ15 ደቂቃ የሚሠራ ነፃ ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለው የእናቴ እድር አንድ ማሽን ይዤ መሄድ አስቤአለሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው?
*አንባቢ፣ ማንቸስተር*

መልስ፦ ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን እንቀይረው። ማሽኑ ልብን ቢመልስም ታማሚው ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ከእድሩ አሥር ሰው ደረት መጫን ይማር፤ መኪና ያለው ጎረቤት ስልክና የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 በየቤቱ በር ላይ ይለጠፉ። ቀጥሎ ማሽኑን ሲገዙ ፓድና ባትሪ ለሚቀጥሉት ዓመታት በማን በኩል እንደሚላክ ይወስኑ። የሕክምና መሣሪያ ወደ አገር ማስገባት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቆጣጠረው ጉዳይ ስለሆነ ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይከተትም፤ ስለ ማሽኑም አየር መንገዱን አስቀድመው ያነጋግሩ። የድምፅ መመሪያው በእንግሊዝኛ ከሆነ ክዳኑ ላይ ግልጽ ሥዕል ያለውን ይምረጡ፣ አማርኛውን ወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉበት። ከ50 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ፀሐይ በሚመታው የእድር ድንኳን ማስቀመጫ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ እንዳይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሱፐርማርኬቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሣጥን የቁጥር ቁልፍ አለው። በችግር ሰዓት እንዴት ይከፈታል?
*አንባቢ፣ ሸፊልድ*

መልስ፦ 999 ሲደውሉ ኮዱን ይነግሩዎታል። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን መለያና አድራሻ ያንብቡላቸው። ሌባን በመፍራት የሚቆለፉ አሉ፤ ሪሰሲቴሽን ካውንስል ዩኬ (የብሪታንያ የልብ ማነቃቂያ ምክር ቤት) የሚመክረው ግን ሳይቆለፉ እንዲቀመጡ ነው፤ እኛም እንስማማለን። ሊድስና ለንደን ያሉ አንባቢዎች «እኛ ሰፈር ይሰረቃል» ተብሎ ማሽን እንደተከለከሉ ጽፈውልናል። ለዚህ ሲከፈት የሚጮህ ሣጥን አለ፣ ከቁልፍ ይሻላል። ኮዱን ሲቀበሉ ስልኩን አይዝጉ፤ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ካገኙት ሠራተኛው ወደ ሁለተኛው ቅርብ ማሽን ሊመራዎት ይችላል።